ሰባሪው ማን ነው?

ከማክሰኝት መጥተን በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ልጆች ቍጥራችን ጥቂት፣ ጫጫታችን ግን ብዙ ነው እየተባለ እንታማለን። ሐሜቱን አንክድም። እሑድ ማታ በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ስለ እግር ኳስ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከእኛ ክፍል ነው፤ የሚያበቃውም የማታ ጠባቂው መጥቶ ሲገሥጸን ነው። በክርክሩ መኖር አናፍርም። ተማሪ በአንድ ጣራ ሥር ኖሮ ካልተከራከረ አብሮ መኖሩ ምን ጥቅም አለው? ዳሩ ግን የክርክሩን አካሄድ ብዙ ጊዜ ስንመለከት ቆይተን አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ስላየንበት፣ የተማሪዎች ማኅበር በዚህ ወረቀት ላይ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠን ጠየቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተከላካይ አንድን አጥቂ ይጥላል። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ጥፋት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ግን ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ዕድሜ የለውም። ወዲያው አንዱ «እሱ እኮ ድሮም ሰባሪ ነው» ይላል፤ ከማዶ ያለው ደግሞ «አንተ ጀግና አይተህ ስለማታውቅ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ወዲያ ኳሱም እግሩም ይረሳል፤ በመካከል የሚቀረው የሰውየው ስም ብቻ ነው። እግሩ ምን አደረገ መባሉ ቀርቶ ሰውየው ምን ዓይነት ነው ወደ ማለት ይኬዳል። ስሙ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚቀጥለውን ጥፋት ለመመርመር የሚደክም ሰው አይገኝም፤ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧልና።

ለዚህ ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ አለ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ፣ ከገና በዓል ሁለት ቀን በኋላ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ ከኬፕ ቨርዴ ጋር የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ወደዚህ ውድድር ስንመለስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ገና 12ኛው ደቂቃ ላይ የፋሲል ከነማው የመሐል ተከላካይ ያሬድ ባየህ፣ ወደ ጎል እያመለጠ የነበረውን ጁልዮ ታቫሬስን ጣለው። ነገሩ በምስል ከታየ በኋላ ቀይ ካርድ ወጣ፤ ያሬድም ከሜዳ ወጣ። የቀረውን ጨዋታ ሁሉ በ10 ሰው ተጫወትን፤ ያው ታቫሬስ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ባገባት ጎል 1 ለ 0 ተሸነፍን።

እንግዲህ ይህ ሰው ለጎንደርና ለአካባቢዋ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ ከኋላ መስመሩ ምሰሶዎች አንዱ ነበረ። በዚያ ዋንጫ ሰሞን ከማክሰኝት እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ላይ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ የሽንኩርት ጭነቱም ሳይቀር የቡድኑን ቀለም ለብሶ ነበር። በዚህም ምክንያት በጥር 1 ማታ፣ ጨዋታው በሚታይባቸው የማክሰኝት ቤቶች፣ ሕዝቡ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «አገር አዋረደ፤ ጨካኝ ነው፤ ሊጉ ላይ የለመደውን እዚያም አመጣው» አለ። ሁለተኛው ወገን «ጎል ከሚገባብን ብሎ ራሱን መሥዋዕት አደረገ፤ ወንድ ነው» አለ። አንዱ ረገመው፣ አንዱ አነገሠው። ሁለቱም ወገኖች ስለ ሰውየው ጠባይ ሲናገሩ፣ ሕጉ ግን ስለ ሰውየው ጠባይ ምንም አልተናገረም ነበር።

የሕጉን ነገር ጥቂት ልንዘረዝረው እንወዳለን፤ ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ሰው አላነበበውምና። የእግር ኳስ ጨዋታ 12ኛው ሕግ አንድን ግጭት በሦስት ደረጃ ያየዋል። ተጫዋቹ ጥንቃቄ በማጕደል ብቻ ባላጋራውን ቢመታ ወይም ቢጥል፣ ቅጣት ምት ይሰጥበታል እንጂ ካርድ አያይም። የሌላውን ደኅንነት ከምንም ባለመቍጠር ቢገባበት ቢጫ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ኀይል ተጠቅሞ የባላጋራውን አካል ለአደጋ ካጋለጠ ቀይ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ የተለየ ሌላም በር አለ፤ ይኸውም ግልጽ የሆነን የጎል ዕድል በጥፋት ማክሸፍ ነው። በዚህ በር የሚወጣ ቀይ ካርድ ስለ ምቱ ክብደት አይጠይቅም። አጥቂው በመለያው ጫፍ ቀስ ብሎ ቢያዝ እንኳ፣ ከፊቱ ከበረኛው በቀር ሌላ ሰው ከሌለ ተከላካዩ ይወጣል። በአንጻሩ ቅልጥም የሚያደማ ርግጫ ሳይታሰብ ከተፈጸመ በቅጣት ምት ብቻ ሊታለፍ ይችላል።

የያሬድ ቀይ ካርድ የመጣው በዚህ በኋለኛው በር በኩል ነው። ስለዚህ «ጨካኝ ነው» ያለው ወገን ካርዱን ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም፤ ካርዱ የጭካኔ የምስክር ወረቀት አይደለምና። «ጀግና ነው» ያለውም ወገን ቢሆን ሒሳቡን አልሠራም። በ12ኛው ደቂቃ አንድ ጎል ቢገባ ለመመለስ ከ78 ደቂቃ በላይ ይቀራል፤ በ10 ሰው ግን ያንኑ 78 ደቂቃ መሮጥ አለ። እንዲህ ያለው ጥፋት በ89ኛው ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ሌላ ፍርድ በሰጠነው ነበር። ይህ የጨዋታ ስሌት ጕዳይ ነው፤ የተሳሳተ ስሌት ደግሞ የሰውን ልብ ክፉ አያደርገውም፤ መልካምም አያደርገውም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ያሬድ ከዚያ የውድድር ዓመት በኋላ ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተዛወረ። ጎንደርና ባሕር ዳር በኳስ ጕዳይ እንዴት እንደሚተያዩ ለዚህ ወረቀት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። በሰፈራችን የሰማነውን ብቻ እንናገር። ቀድሞ «ግንባችን» ሲሉት የነበሩ አንደበቶች በአንድ ክረምት ውስጥ ሌላ ስም አወጡለት፤ ቀድሞ በጥርጣሬ ያዩት የነበሩት ደግሞ ግንብ አድርገው ተቀበሉት። እግሩ ያው የድሮው ነው፤ አገባቡም ያው ነው። የተለወጠው የመለያው ቀለም ነው። ይህን ያየ ሰው «ሰባሪ» የሚለው ቃል ስለ ተጫዋቹ የሚናገረው ጥቂት፣ ስለ ተናጋሪው የሚናገረው ግን ብዙ መሆኑን ሳይጠራጠር ይረዳል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በስፔን አገር በሴቪያ ከተማ፣ በዓለም ዋንጫ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ የምዕራብ ጀርመኑ በረኛ ሹማኸር ፈረንሳዊውን ባቲስቶንን በአየር ላይ ገጨው። ባቲስቶን ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ጥርሶቹ ረገፉ፤ የጀርባ አጥንቱም ተጎዳ። ዳኛው ካርድ ቀርቶ ቅጣት ምት እንኳ አልሰጠም፤ ጨዋታው በጎል ምት ቀጠለ። በመዝገብ ቢታይ ጥፋት አልተፈጸመም ማለት ነው። ሹማኸር ግን ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ኳስ ቢያድን፣ አርባ ዓመት አልፎም ስሙ ሲጠራ አስቀድሞ የሚታወሰው ያ ግጭት ነው። እዚህ ላይ ተመልካቹ ከዳኛው የተሻለ አየ እንላለን። ሁልጊዜ ተመልካች ይሳሳታል ለማለት አልተነሣንም።

በመጪው ዓመት፣ በ1983፣ የአትሌቲክ ቢልባኦው ተከላካይ ጎይኮኤቼያ በባርሴሎና ሜዳ የማራዶናን ቍርጭምጭሚት ሰበረ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሌላውን የባርሴሎና ተጫዋች የሹስተርን ጕልበት የጎዳው እርሱ ራሱ ነበርና፣ ጋዜጠኞች «የቢልባኦ አራጅ» አሉት። ይህ ሰው ከክለቡ ጋር የስፔንን ሻምፒዮናነት በተከታታይ ሁለት ዓመት አግኝቷል፤ ይህን የሚያስታውስ ግን ከቢልባኦ ሰዎች በቀር ብዙ የለም። ሁለት ከባድ ጕዳት ያደረሰ ሰው ስም ቢወጣለት ይገርማል ወይ? አይገርምም። ስም አንዳንድ ጊዜ በሥራ ይገኛል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣ ስም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ፍርድ ምን ያደርጋል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መምህራኖቻችንን ደስ የሚያሰኝ መልስ አለን፤ በሙከራ የተገኘ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 38 ዳኞች በሁለት ወገን ተከፍለው 50 የጨዋታ ግጭቶችን በምስል እንዲዳኙ ተደረገ። ለአንደኛው ወገን ብቻ፣ ሰማያዊ የለበሰው ቡድን በኀይለኛነቱ የታወቀ ነው ተብሎ አስቀድሞ ተነገረው። ሁለቱም ወገኖች ያዩት ምስል አንድ ነው። ጥፋት ነው ያሉት ብዛትም አልተለያየም። ነገር ግን ወሬውን የሰማው ወገን በሰማያዊዎቹ ላይ ያወጣው የቢጫና የቀይ ካርድ ብዛት ካልሰማው ወገን በግልጽ በለጠ። ዳኛ፣ ያውም የሠለጠነ ዳኛ፣ ስም ከሰማ እጁ ወደ ኪሱ ይቀናል ማለት ነው። ፊሽካ ያልያዘው፣ ሕጉን ያላነበበው፣ አንድ ብርሌ ጠጅ የያዘውማ ተመልካች እንዴት ይሆን?

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 40 ዳኞች 47 ግጭቶችን እንዲያዩ አደረገ፤ ግማሾቹ የተመልካቹን ጩኸት እየሰሙ፣ ግማሾቹ በጸጥታ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የነፉት ጥፋት ከሌሎቹ 15 ከመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ይህ ነው፦ ተመልካች የሚጮኸው ወደ ባዶ አየር አይደለም፤ ጩኸቱ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሥራ ይሠራል።

ስለ ቴሌቪዥኑም አንድ ነገር እንበል። በ2013ቱ የውድድር ዘመን የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰብስበው ተደርገው በዲኤስቲቪ ሲታዩ፣ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ቡድኑን ያየው ከፋሲለደስ ስታዲየም ደረጃ ላይ ሆኖ ሳይሆን በመስኮቱ ብርድ ልብስ በተጋረደ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። በሜዳ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ግጭት በቴሌቪዥን አምስት ጊዜ፣ ያውም በዝግታ እየተጎተተ ይመለሳል። በዝግታ ሲታይ ደግሞ እያንዳንዱ እግር ሆን ብሎ ለመምታት የተነሣ ይመስላል። ይህም የእኛ ግምት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ አንድን የወንጀል ምስል በዝግታ ያዩ ሰዎች በተፈጥሮ ፍጥነቱ ካዩት ይልቅ «አስቦ ያደረገው ነው» ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። በ2018 በኳስ ዳኞች ላይ በተደረገው ሙከራም ግጭቱን በዝግታ ያዩት የሰጡት የካርድ ቅጣት ከበደ። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ የነካውን ቦታ በትክክል ያሳየናል፤ የልብ ሐሳብን ግን ያሳየን እየመሰለ ያሳስተናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታላላቆቹ ነው። እነርሱ ሐኪም አላቸው፤ ደመወዝ አላቸው፤ ስማቸው ቢጠፋም እንጀራቸው አይጠፋም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ግን የማክሰኝቱ ሜዳ ነው።

የማክሰኝትን ሜዳ የማያውቅ አንባቢ ካለ እናስረዳው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው ይህ አገር ወደ ጣና የሚያዘቀዝቅ ሜዳማ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ለሽምብራና ለነጭ ሽንኩርት የተመቸ አፈር ለኳስ የተመቸ አይደለም። በክረምት ጫማ ይውጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቅና እንደ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ መሬት ላይ ሸርተቴ የሚገባ ተከላካይ ከአጥቂው አስቀድሞ የሚልጠው የራሱን ጭን ነው፤ እንዲያውም ይህን የሚያውቁ ጥሩ ተከላካዮቻችን በቁማቸው ኳስ መንጠቅን የተማሩት ከአሠልጣኝ ሳይሆን ከዋልካው ነው እንላለን። ዳኛው ከሁለቱ ሰፈር ያልሆነ ሰው ተፈልጎ የሚቆም ነው። ታኬታ ያለው አለ፤ በኮንጎ ጫማ የሚጫወት አለ። ወጌሻ የሚባለው በከተማ ክለቦች ውኃና መርጪያ ይዞ የሚሮጠው ሰው ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ወጌሻ እውነተኛው ወጌሻ፣ አጥንት የሚያቃናው ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ ስም የሚወጣው በልጅነት ነው። አንድ ልጅ እናውቃለን፤ ስሙን አንጠራም። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ ሰውነቱ ከእኩዮቹ ቀድሞ ስለ ደነደነ፣ ከበረኛ ጋር ተጋጭቶ በረኛውን ጣለው። በረኛው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ ጨዋታውም ቀጠለ። በዚያ ቀን ግን ከዳር የቆመ አንድ ሰው «ቡልዶዘር!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ቡልዶዘር ሆነ። ኳስ ሲይዝ የሚያደንቀው የለም፤ ሰው ሲጥል ግን ሜዳው በጭብጨባ ይናወጣል። በትምህርቱ ዝምተኛ፣ በቤቱ ታዛዥ የነበረው ልጅ የሚወደስበትን ነገር ለየ። እኛስ ብንሆን የሚጨበጨብልንን ትተን የማይጨበጨብልንን እንሠራ ነበር ወይ?

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው በሁለት ሰፈሮች መካከል በተደረገ ግጥሚያ፣ አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ኳስ ይዞ በክንፍ በኩል ሲያመልጥ፣ ከዳር ያለው ሕዝብ «ቡልዶዘር ግባበት! ስበረው!» እያለ ጮኸ። ገባበት። የቅልጥሙ አጥንት ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ በስተማዶ የቆሙት ሳይቀሩ ሰሙት። ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ «ስበረው» ሲል የነበረው ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ «ወይኔ!» አለ። ልጁን በሣንቃ አድርገው ወደ መንገድ አወጡት፤ መኪና እስኪገኝ ድረስ ፀሐይ ላይ ተኛ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ተወሰደ። አባቱ ለሕክምናው አንዲት ጊደር ሸጡ። ልጁ የዚያን ዓመት ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ። ዛሬ ይራመዳል፤ ይሁን እንጂ ብርድ ሲሆን ያነክሳል፤ ኳስም አይጫወትም።

ከሁሉ የሚያሳዝነን በማግስቱ የሆነው ነው። ማክሰኝት በሙሉ «እሱ እኮ ድሮም ሰባሪ ነው» አለ። ስሙን ያወጣለት፣ በጭብጨባ ያሳደገው፣ በዚያ ቀን ግባበት ያለው ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ገበያው ውስጥ ቆሞ ፈረደበት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልወጣም፤ ወደ መተማ ለሥራ ሄደ ሲባል ሰምተናል። አንድ እግር ተሰበረ፤ ሁለት ልጆች ከሜዳ ወጡ። የገባበት ልጅ ጥፋት የለበትም አንልም፤ አጥፍቷል፤ በሕጉም ቢዳኝ ቀይ ካርድ ይገባዋል። ነገር ግን በዚያ ቅልጥም ላይ ያረፈው እግር የእርሱ ብቻ አልነበረም።

ይህን ስንናገር «ኳስ የወንድ ጨዋታ ነው፤ እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አለሳለሳችሁት» የሚለን ሰው አይጠፋም፤ ሰምተነዋልም። በመጀመሪያ፣ የወንድ ጨዋታ ነው የሚለው ቃል ራሱ ጊዜው አልፎበታል። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ የወጣው ሰው በመስበር አልነበረም። በዚህ ግቢ ውስጥ ማለዳ ማለዳ የሚለማመዱትን እኅቶቻችንን አይቶ የሚያውቅ ሰውም እንዲህ አይልም። ሁለተኛ፣ ጥንካሬን አልነቀፍንም። በትከሻ መግፋት የጨዋታው ሥጋና ደም ነው። ኳሱን ነክቶ የሚያልፍ፣ ጊዜውን የጠበቀ ሸርተቴ ከጎል ባላነሰ ያስጨበጭበናል። ጠንካራ ተከላካይና ሰባሪ ተከላካይ አንድ የሚመስሉት በትክክል ላልተመለከተ ሰው ነው፤ ጠንካራው ዐይኑ ኳሱ ላይ ነው፤ ሰባሪው ዐይኑ ቅልጥሙ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ብርቱ ምት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በገና ቀን ሜዳ ወጥተው በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመቱ፣ ዱላው ከሩሩ ይልቅ ቅልጥም የሚያገኝበት ጊዜ ይበዛ ነበር። ያን ዕለት ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታ እንዳይቆጣ የታወቀ ደንብ ነበር። ስለዚህ ጕዳይ አንድ የሰፈራችንን አዛውንት ጠይቀናቸው ነበር። «አባባ፣ ያን ጊዜ እግር የሰበረ ሰው ምን ይባል ነበር?» ብንላቸው ጥቂት አሰቡና «ምን ይባላል ልጄ፤ ቡና አፍልተው ይጠይቁታል፤ የሰበረውም አብሮ ተቀምጦ ይጠጣል» አሉን። ደግሞም ሳቅ ብለው «ሆን ብሎ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት ማንም ከጎኑ አይቆምም» ብለው ጨመሩበት። በዚህ መልስ ላይ ብዙ ተነጋግረናል። እነርሱ የጨዋታውን ምት ከጨዋታው ጋር ትተውት ይሄዱ ነበር፤ ክፋት ያለበትን ደግሞ ዝም ብለው ያገሉት ነበር። ጭብጨባ በሁለቱም ውስጥ የለም።

ዛሬ ዓለም በሙሉ ተጫዋችን ከጕዳት ለማዳን ሕጉን እያጠበቀ የመጣው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ፔሌ በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ በቡልጋሪያና በፖርቱጋል ተከላካዮች ተቀጥቅጦ እያነከሰ ወጣ፤ በ1970 ሜክሲኮ ላይ ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡን ያመነጨው እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ከመንገድ መብራት የወሰደው ነው። በ1998ቱ ዓለም ዋንጫ ዋዜማ ደግሞ ከኋላ ገብቶ የባላጋራውን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሁሉ በቀይ እንዲቀጣ ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ ለማርኮ ፋን ባስተን አልደረሰለትም፤ የዘመኑ ታላቅ አጥቂ በቍርጭምጭሚቱ ምክንያት የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት 28 ዓመቱ ነበር።

በቅርቡ በማኅበራችን ስም የሚካሄደው የትምህርት ክፍሎች ውድድር ይጀመራል። ዘንድሮም እንደ አምናው በየመኝታ ቤቱ ስም እየወጣ ነው፤ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገና አንድ የልምምድ ጨዋታ ሳይጫወት «መጋዝ» ተብሎ መጠራቱን በጆሯችን ሰምተናል። ስለዚህ ለማኅበሩ የስፖርት ክፍል የሚከተለውን አቅርበናል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የተሰጠው ካርድ፣ ከነምክንያቱ፣ ከእነዚያ ከአራቱ በሮች በየትኛው እንደ ወጣ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሚከራከር ሰው ከስም ይልቅ ከጽሑፍ ይነሣ። የሕግ ትምህርት ክፍል መምህራን ከውድድሩ በፊት 12ኛውን ሕግ ለአምበሎችና ለዳኞች በአንድ ማታ ቢያነቡልን ደስ ይለናል፤ አንድ መምህር እሺ ብለውናል። ከሜዳው ዳር አልጋ ቃሬዛና ፋሻ የያዘ ሰው ሳይኖር ፊሽካ አይነፋ፤ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች በተራ ለመቆም ፈቃደኞች መሆናቸውን ገልጸውልናል። «ስበረው» የሚል ጩኸት ከአንድ ወገን ደጋፊ ሲሰማ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ አምበሉን ወደ ደጋፊው ይላከው፤ ጸጥ እስኪል ድረስም ኳሱ አይንቀሳቀስ።

የመጨረሻው የሣጥን ጕዳይ ነው። በውድድሩ ለሚጎዳ ተማሪ የመድኀኒትና የመጓጓዣ መርጃ እንዲሆን እያንዳንዱ ቡድን ከምዝገባው ጋር ጥቂት ብር ያስገባ፤ ቀይ ካርድ ያየም ቡድን ይጨምር። ሣጥኑን ለመጀመር ከማክሰኝት የመጣን ተማሪዎች 1,200 ብር አዋጥተን ለስፖርት ክፍሉ ገንዘብ ያዥ አስረክበናል፤ ደረሰኙ በእጃችን ነው። ሣጥኑ በአሁኑ ጊዜ ያለው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከመግቢያው በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።